ከመልካ ጀብዱ እስከ ሐረማያ፤ የውሃ ወፎችን እንተዋወቃቸው

«ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል» ይላሉ አባቶቻችን። አባባሉ እውነት ነው። ነገር ግን ሁለት አገር ያለው ወፍ እንደ የትኛው አገሩ ይጩኽ? በየዓመቱ በመስከረምና በጥቅምት ከሩሲያና ከአውሮፓ ረግረጎች ተነሥቶ፥ ባሕርና በረሃ አቋርጦ በኢትዮጵያ ሐይቆች ላይ የሚያርፍ፥ በየካቲትና በመጋቢትም ወደ መጣበት የሚመለስ የዱር ዳክዬ አለ። እንቁላሉን የሚጥለውና ጫጩቶቹን የሚያሳድገው በዚያ ነው፤ የብርዱን ወራት የሚያሳልፈውና የመመለሻ ስንቁን በገላው ላይ የሚያከማቸው ግን በእኛ አገር ነው። ከሁለቱ ቤቶቹ አንዱ ቢፈርስ ሁለተኛው ብቻውን አያኖረውም። ስለዚህ ይህ ዳክዬ የእነርሱም ነው፥ የእኛም ነው፤ ጥበቃውም የሁለታችን ዕዳ ነው።

በልማዳችን ከዓመት አንድ ጊዜ ብቅ የሚለውን ወዳጅ «የመስቀል ወፍ ሆንህ» ብለን እንወቅሰዋለን። የሚያስገርመው ነገር፥ የመስቀል ወፍ ከሚባሉት ትናንሽ ወፎች ብዙዎቹ ከሩቅ አገር የመጡ አይደሉም። ዓመቱን ሙሉ በመካከላችን ይኖራሉ፤ በክረምት ወንዱ ላባውን ለውጦ በቀይ ወይም በቢጫ ጌጥ ሲታይ አዲስ እንግዳ ይመስለናል እንጂ። በእርግጥ ከሩቅ የሚመጣው እንግዳ ግን በሐይቁ ላይ ዝም ብሎ ይዋኛል፤ ስሙን የሚያውቅ፥ መምጣትና መሄዱንም የሚቆጥር ሰው ጥቂት ነው። ቤተኛውን እንግዳ አሰኘነው፤ እንግዳውን ግን ከነጭራሹ አላየነውም።

የዛሬው ጽሑፋችን ዓላማ ይህን አለመተዋወቅ በጥቂቱም ቢሆን ማቃለል ነው። ለዚህም አንባቢን ወደ አንድ ሐይቅ እንወስደዋለን፤ ሐይቁም ሞቶ የተነሣው ሐረማያ ነው።

ጉዞው ከቆላ ይጀምራል

በመልካ ጀብዱ ሆኖ ስለ ውሃ ወፍ ማውራት ለአንዳንድ ሰው ቀልድ ሊመስለው ይችላል። በድሬዳዋ ከተማ በስተ ምዕራብ ያለችው ይህች ሰፈር የፀሐይና የአሸዋ አገር ናት። በአንድ በኩል የኢንዱስትሪ ፓርኩ፥ በሌላ በኩል ጭነት የሚያመላልሱት ከባድ መኪናዎች፥ ከዚያም ወደ ጅቡቲ የሚዘረጋው የባቡር ሐዲድ ይታያሉ። ወንዞቿም አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ናቸው፤ ዝናብ በተራራው ላይ ሲጥል ብቻ ለጥቂት ሰዓት ወንዝ መሆናቸውን ያስታውሳሉ። ሆኖም ስሟን ልብ እንበል። «መልካ» በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። ስሟ የውሃ ነው፤ ኑሮዋ የደረቅ ምድር ነው።

ቀና ብሎ ሰማዩን ለሚያይ ሰው ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። የመንን ከጅቡቲ የሚለየው የባብ ኤል መንደብ መተላለፊያ በዓለም ከታወቁት የወፎች መሻገሪያዎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 በመጸው ወራት በጅቡቲ በኩል ቆመው የቆጠሩ ሰዎች ሩብ ሚሊዮን ያህል ሥጋ በል አሞራዎችና ንስሮች ከዓረብ ምድር ወደ አፍሪካ ሲሻገሩ መዝግበዋል። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች የሚሄድ ወፍ በዚሁ በቆላው አቅጣጫ ያልፋል። ባቡሩ ከባሕሩ ዳር ዕቃ ይዞ እንደሚመጣ ሁሉ፥ ወፎቹም ከባቡሩ በፊት ከብዙ ሺህ ዘመን ጀምሮ ይህን መንገድ ያውቁታል። ድሬዳዋ ግን ከተማ የሆነችው የባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ ነው። በመንገዱ ላይ ነባሩ ማን እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ።

እንግዲህ ከመልካ ጀብዱ ተነሥተን ድሬዳዋ ገባን፤ ከድሬዳዋም የሐረርን ሚኒባስ ተሳፈርን። የደንገጎ ዳገት እንደ ጀመረ የአየሩ ጠባይ ይለወጣል። ከባሕር ወለል በላይ ከ1,200 ሜትር ገደማ ተነሥቶ ወደ 2,000 ሜትር ያህል የሚያደርሰው ጠመዝማዛ መንገድ፥ ለጆሮ መደንቆርን ለሳንባ ዕረፍትን ይሰጣል። ከታች ሸሚዝ ያስወለቀ ሙቀት ከላይ ሲደርስ ኮት ያስፈልጋል። አዴሌን ካለፉ በኋላ መንገዱ ወደ ሐረማያ ይደርሳል፤ ሐይቁም ከመንገዱ ርቆ የተሸሸገ አይደለም። የሚኒባስ ሒሳብ መክፈል የሚችል ሰው ሁሉ ሊያየው ይችላል።

ሐረማያ እንደ ብሔራዊ ፓርክ አጥርና በር የለውም፤ ትኬት የሚቆርጥ ዘበኛም አይጠይቅም። በአገራችን ስለ ውሃ ወፎች ሲባል የተከለለውን ቦታ ለማየት የሚሻ ሰው ወደ አቢጃታ ሻላ መሄድ ይችላል፤ በዚያ ሻላ የተባለው ትልቁ አፈ ከረጢት ወፍ በደሴት ላይ ይራባል። የሐረማያ ነገር ግን ከዚህ የተለየ ነው። ወፉ፥ ከብቱ፥ ገበሬው፥ ተማሪውና የጫት ነጋዴው በአንድ ዳርቻ ላይ ይገናኛሉ። ሰውና ወፍ ተጠጋግተው መኖር ይችሉ እንደ ሆነ ለመመርመር ከዚህ የተሻለ ቦታ አናውቅም።

ሐይቁ እንዴት ሞተ?

የቀድሞውን የእርሻ ኮሌጅ ታሪክ የሚያውቁ ሰዎች «ዓለማያ» የሚለውን ስም ከሐይቁ ለይተው አያስቡትም። ኮሌጁ በ1944 ዓ.ም. ከአሜሪካው የኦክላሆማ ኮሌጅ ጋር በተደረገ ስምምነት ተቋቁሞ፥ በ1940ዎቹ መጨረሻ በሐይቁ አካባቢ ሥራውን ጀመረ፤ ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው እርሱ ነው። በዚያ ዘመን ሐይቁ እስከ 8 ሜትር የሚደርስ ጥልቀት ነበረው። ዓሣ ይጠመድበት ነበር። ከ1950ዎቹ ጀምሮም የሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃዋን ከዚሁ እየሳበች ለአርባ ዓመት ያህል ኖረች።

በ1988 ዓ.ም. ገደማ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ለወፎች እጅግ አስፈላጊ የሆኑትን የአገሪቱን ቦታዎች መርምሮ 69 ስፍራዎችን በመጽሐፍ ሲያወጣ፥ የዓለማያና የአዴሌ ሐይቆች ከእነዚህ መካከል ተቈጠሩ። ይህ ትልቅ ክብር ነው። ነገር ግን አሥር ዓመት ሳይሞላ፥ በ1997 ዓ.ም. አካባቢ፥ የሐረማያ ሐይቅ ጨርሶ ደረቀ። ዓሣውም ወፉም ጠፋ፤ የሐይቁ ወለል የከብት መሰማሪያና የልጆች ኳስ መጫወቻ ሆነ። በመዝገብ ላይ የተጻፈ ስም ብቻውን ሐይቅን እንደማያድን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

ገዳዩ ማን ነው? ለመፍረድ መቸኮል አይገባም። ሐረማያ ውሃ የሚወጣበት ወንዝ የሌለው፥ ከዙሪያው ኮረብቶች በሚወርደው ዝናብ ብቻ የሚኖር ሐይቅ ነው። ገቢው የሰማይ ነው፤ ወጪው ግን ብዙ ነበረ። ከተማው ይስባል። ፀሐዩ ይስባል። ገበሬው በትንሽ ሞተር እየሳበ ጫቱንና አትክልቱን ያጠጣል። ጫት በዝናብ ጊዜ በየስፍራው ስለሚለመልም ዋጋው ይረክሳል፤ በበጋ የለመለመ ጫት ግን በአወዳይ ገበያ በውድ ይሸጣል። ጠባብ መሬት ያለው፥ ብዙ ልጆች የሚያሳድግ ገበሬ ይህን ልዩነት እያወቀ ሞተሩን ያጥፋ ማለት ለተናጋሪው ይቀላል፤ ለአድራጊው ግን ከባድ ነው።

በዚህ ላይ የኮረብቶቹ ዛፍ አለቀ። ዛፍ የሌለው ኮረብታ ዝናብን እንደ ስፖንጅ መጥጦ በዝግታ ከመልቀቅ ይልቅ፥ አፈሩን ይዞ በአንድ ጊዜ ያወርደዋል። አፈሩ ከሐይቁ ወለል ላይ ሲከማች ሐይቁ እንደ ሳህን ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ጠፍጣፋ ውሃ ደግሞ ቶሎ ይሞቃል፥ ቶሎም ይተናል። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ይባላል፤ የሐረማያ ውሃ ሲሄድም እያሳሳቀ ነበረ። በየዓመቱ ጥቂት ክንድ ሲሸሽ ሰዎች በሸሸው ልክ እርሻቸውን ያስፋፉ ነበር፤ ውሃው ጨርሶ ሲጠፋም ወለሉን ቆፍረው ከጉድጓድ መሳብ ጀመሩ።

ይህ የደጋው ሰዎች ችግር ብቻ መስሎ የሚታየው የመልካ ጀብዱ ሰው ቢኖር ሁለት ነገር እናስታውሰው። አንደኛ፥ ሐይቁ በደረቀ ማግስት፥ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ፥ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ድሬዳዋን አጥለቀለቀ፤ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችም አለቁ። የደቻቱና የሐረማያ ተፋሰሶች የተለያዩ ናቸው፤ የበሽታው ሥር ግን አንድ ነው፤ እርሱም የተራቆተ ተራራ ነው። ዛፍ የሌለው ተራራ በአንድ ወገን ሐይቅን በደለል ይሞላል፥ በሌላው ወገን ከተማን በጎርፍ ይመታል። ሁለተኛ፥ ሐረር ሐይቋን ካጣች በኋላ ውሃ የተፈለገላት ከድሬዳዋ ወገን ካለው ቆላ ነው። ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣው ውሃ በብዙ ፓምፕ ኀይል ተገፍቶ ሽቅብ ተራራውን ይወጣል። ውሃ ቁልቁል እንዲወርድ የተፈጥሮ ሕግ ያዝዛል፤ እኛ ግን የላይኛውን ስላጠፋን የታችኛውን ሽቅብ ለማውጣት ገንዘብ እንከፍላለን።

እንዴትስ ተነሣ?

ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት ደግሞ ብዙ ሰው ተስፋ የቆረጠበት ነገር ሆነ፤ ውሃው ተመለሰ። ከተማው ከሐይቁ መሳብ አቁሞ ነበር። በዙሪያው ባሉት ኮረብቶች ላይ እርከን ተሠራ፥ ችግኝ ተተከለ፥ ጎርፍ የሚያግድ ቦይና ክትር ተበጀ። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲና የአካባቢው ሕዝብ አረሙንና ደለሉን በማንሣት ደከሙ፤ ጥሩ ዝናብም አገዘ። ውሃው ሲመለስ ዓሣ ተመለሰ፤ ዓሣው ሲመለስ ወፉ ተመለሰ። ለወፎቹ የጥሪ ደብዳቤ የጻፈ ሰው የለም። ከላይ ሲያልፉ የውሃን ብልጭታ አይተው ወረዱ።

ተመለሰ ማለት ግን ዳነ ማለት አይደለም። ሐይቁን ያደረቀው የገንዘብ ምክንያት ዛሬም በቦታው አለ። የጫቱ ገበያ አልቀዘቀዘም፤ የሕዝቡ ቊጥርም አልቀነሰም። ስለዚህ ሐረማያን ማየት አንድን በጠና ታሞ የተነሣ ወዳጅ እንደ መጠየቅ ነው። ደስታም አለበት፥ ሥጋትም አለበት።

በዳርቻው ያየናቸው

በማለዳ፥ ነፋሱ ሳይነሣ፥ በዳርቻው ስንቆም በመጀመሪያ ዐይናችን የገባው ጥቁር የሆነ፥ ግንባሩ ላይ ነጭ ጋሻ የመሰለ ምልክት ያለው፥ ዶሮ የሚያህል ወፍ ነው። በመራቢያው ወራት ከነጩ ጋሻ በላይ ሁለት ቀያይ እብጠቶች ይወጡለታል። ከሩቅ ዳክዬ ይመስላል፤ ነገር ግን እግሩ እንደ ዳክዬ በቆዳ የተሸፈነ ሳይሆን፥ እያንዳንዱ ጣቱ ቅጠል የመሰለ መቅዘፊያ አለው። ይህ ወፍ ጠበኛ ነው፤ ጎረቤቱን በውሃው ላይ እየሮጠ ያባርራል። ከተማ ውስጥ ለታክሲ ወረፋ የሚጋፋ ሰው ያየ አንባቢ ጠባዩን ወዲያው ያውቀዋል።

ቀጥሎ ያየነው ጥንድ ሆኖ በሣሩ ላይ የሚግጠውን የግብፅ ዝይ ነው። ስሙ የግብፅ ይሁን እንጂ አገሩ አብዛኛው አፍሪካ ነው። ከእርሱ አለፍ ብሎ ምንቃሩ እንደ ሎሚ ቢጫ የሆነው ዳክዬ በጭቃው ዳር ይዋኛል። አባቶቻችን የዱሩን ዳክዬ ይብራ ይሉት ነበር፤ ስሙ እንዳይረሳ እናንሣው። ይህ ዓይነቱ ዳክዬ ለመብላት ብዙውን ጊዜ አይጠልቅም፤ ራሱን ወደ ታች ደፍቶ ጅራቱን ወደ ሰማይ አቁሞ ከጭቃው ይለቅማል። ስለዚህ ጥልቀት በሌለው ውሃ ይወሰናል። ሌሎች ዳክዬዎች ግን እንደ ዋናተኛ ጠልቀው ከወለሉ ይመገባሉ። እንግዲህ በአንድ ሐይቅ ላይ ሁለቱም ዓይነቶች ከታዩ ሐይቁ ጥልቅም ዳርም አለው ማለት ነው። ሜትር ሳንይዝ ወፎቹ ይለኩልናል።

ከሩቅ አገር ከሚመጡት መካከል ጋርጋኒ የተባለችው ትንሽ ዳክዬ ትጠቀሳለች። ወንዱ ከዐይኑ በላይ እስከ ማጅራቱ የሚወርድ ነጭ መስመር አለው። ዘሯ በሙሉ ማለት ይቻላል የብርዱን ወራት ከሰሐራ በስተ ደቡብና በደቡብ እስያ ያሳልፋል። በአገራችን ሐይቆች ላይ ምንቃሩ እንደ አካፋ የሰፋ ሌላ ዳክዬም ይመጣል፤ ውሃውን በምንቃሩ ጠርዝ እያጣራ ጥቃቅን ነፍሳትን ያስቀራል። በአካፋ የሚበላ ቢሆንም ወንፊትም አለው ማለት ነው።

ከፍላሚንጎ ወገን ትንሹ ደግሞ በጣም የሚያስደንቅ ነው። ራሱን ገልብጦ፥ የላይኛውን ምንቃር ወደ ታች አድርጎ ይበላል፤ ምግቡ በጨዋማና በሶዳ ውሃ የሚበቅል ዐይን የማያየው አረንጓዴ ተክል መሰል ነገር ነው። ሮዝ መልኩም ከዚሁ ምግብ የሚመጣ ነው። ፍላሚንጎ ሲበዛ ብዙ ሰው «ሐይቁ አማረበት» ይላል፤ ዐዋቂው ግን ውሃው ጠፍጥፎ ጨው እየበዛበት እንዳይሆን ይጠረጥራል። በአንጻሩ ክንፉን ዘርግቶ በግንድ ላይ የሚደርቀው ጥቁር ዓሣ አጥማጅ ሲበዛ በውሃው ውስጥ ዓሣ አለ ማለት ነው። እርሱ ክንፉን የሚዘረጋው ለመኩራራት አይደለም፤ ላባው ውሃ ስለሚያስገባ ነው፤ ይህም በቀላሉ እንዲጠልቅ ያግዘዋል።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካችው ግን ጡጫ የምታህል ጠላቂ ወፍ ናት። ጎጆዋን የምትሠራው ከረጠበ ሣር፥ በውሃው ላይ ተንሳፋፊ አድርጋ ነው፤ ከቄጠማ ጋር ታስረዋለች። ውሃው በዝግታ ሲጨምር ጎጆዋ አብሮ ይነሣል። ነገር ግን በአንድ ሳምንት ብዙ ሞተሮች ተነሥተው ውሃውን ቢስቡት ጎጆው በጭቃ ላይ ይቀራል፤ ውሻና እረኛ ይደርስበታል። የሐይቁን አስተዳደር መርምሩ የሚል ሹም ቢኖር፥ ከብዙ ገጽ ሪፖርት ይልቅ የዚህችን ወፍ ጎጆ ቢመለከት ይበቃዋል።

አዳኙ ሰዓሊ

ሰውንና የውሃ ወፍን ማስተዋወቅ ምን እንደሚጠቅም ለማስረዳት ከሌላ አገር አንድ ምሳሌ እናምጣ። ፒተር ስኮት የተባለው እንግሊዛዊ፥ በደቡብ ዋልታ የሞተው የታዋቂው ሻምበል ስኮት ልጅ ነው። በወጣትነቱ ዝይና ዳክዬ በጠመንጃ የሚያድን ሰው ነበር፤ ሠዓሊም ነበር። ውሎ አድሮ ጠመንጃውን ጣለና ብሩሹን ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1946 ስሊምብሪጅ በተባለ ስፍራ፥ በሰቨርን ወንዝ ዳር፥ የውሃ ወፎች መጠበቂያ አቋቋመ። የእርሱ ብልኀት ወፎቹን ከሰው መደበቅ አልነበረም፤ ሰው ወፎቹን ሳያስደነግጥ በመስኮት ቀርቦ እንዲያያቸው ማድረግ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1964 ስኮት ከሩሲያ ሰሜን የሚመጡትን ነጫጭ ትልልቅ የውሃ ወፎች ሲመለከት፥ በምንቃራቸው ላይ ያለው የቢጫና የጥቁር ቀለም አቀማመጥ በእያንዳንዳቸው እንደሚለያይ አስተዋለ። እንደ ሰው መልክ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዳቸው ስም አወጡላቸው፤ በሚቀጥለው ዓመት ማን እንደ ተመለሰ፥ ማን ሚስት እንዳገባ፥ ማንስ እንደ ቀረ መመዝገብ ተጀመረ። ስም ያለው ወፍ ሲቀር «አንድ ወፍ ጎደለ» አይባልም፤ «እገሌ ቀረ» ይባላል። በሁለቱ አነጋገር መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው።

በዚያው ዘመን የሐዋይ ደሴቶች ዝይ በዓለም ላይ ከ30 ያህል የማይበልጥ ቀርቶ ነበር። ስኮት ወንድና ሴት ናቸው ብሎ ሁለት አስመጣ፤ ሁለቱም እንቁላል ጣሉ። በቴሌግራም ወንድ ተጠይቆ ተላከ። ከዚያ በኋላ ጫጩቶች በዝተው እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ አገራቸው መመለስ ጀመሩ፤ ወደ ተራራው አፍ ድረስ በጀርባቸው ተሸክመው ያደረሷቸውም ወጣት ስካውቶች ነበሩ። አንባቢ ሆይ፥ ይህን ነገር ልብ በል። አንድን የወፍ ዘር ካዳኑት ሰዎች አንዳንዶቹ ገና ጢም ያላበቀሉ ልጆች ናቸው።

የእኛም አገር ምሳሌ አላት

የውጭውን ብቻ እያመሰገንን አንቅር። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፥ ከአዲስ ዓለም አጠገብ፥ በርጋ የሚባል ረግረግ ሜዳ አለ። እ.ኤ.አ. በ1997 በዚህ ሜዳ አንዲት ነጭ ክንፍ ያላት፥ ትንሽ፥ በሣር ውስጥ የምትሸሸግ ወፍ ስትራባ ተገኘች። ከዚህች ወፍ በዓለም ላይ ያሉት ለአካለ መጠን የደረሱ ከ250 እንደሚያንሱ ይገመታል፤ በበርጋ የምትራባውም በክረምት ለጥቂት ሳምንታት ነው። ችግሩ የበርጋ ሣር የገበሬውም ሀብት መሆኑ ነበር። ከብት በጊዜው ካልገባ ገበሬው ይጎዳል፤ በጊዜው ከገባ ጫጩት ይረገጣል።

መፍትሔው የመጣው ከአጥር አይደለም፤ ከመግባባት ነው። የአካባቢው ሰዎች በወፏ ስም ማኅበር አቋቁመው ጫጩቶቹ እስኪያድጉ ድረስ ከብቶቻቸውን ከሜዳው ማራቅ ጀመሩ፤ ከደቡብ አፍሪካ የመጡ የወፍ ወዳጆችም ለልጆቻቸው የትምህርት ቤት ሥራ አገዙ። ወፏ በደቡብ አፍሪካም የምትታይ ስለሆነች፥ የበርጋ ገበሬና የደቡብ አፍሪካ ወፍ ወዳድ በአንዲት ወፍ ምክንያት ተዛመዱ። «ወፍ ምን ይጠቅማል?» ለሚል ሰው የበርጋ ልጅ የሚማርበትን ክፍል ማሳየት ይበቃል።

ምን እናድርግ?

ጽሑፋችን በምክር ብቻ እንዳይቀር፥ ለተማሪውና ለወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛ ሊሠራ የሚችል ነገር እናቅርብ። የመጀመሪያው መሄድ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ወራት በአንድ እሑድ ማለዳ ከድሬዳዋም ሆነ ከሐረር ተነሥቶ ሐረማያ መድረስ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ፀሐይን ከጀርባ ማድረግ፥ ድምፅን መቀነስ፥ ከጎጆ መራቅ፥ ፕላስቲክ ጥሎ አለመምጣት፤ ሕጉ ይኸው ነው። አጉሊ መነጽር ካለ መልካም ነው፤ ከሌለም ዐይንና ትዕግሥት ይበቃሉ።

ሁለተኛው መቁጠር ነው። ከእ.ኤ.አ. 1967 ጀምሮ በየዓመቱ በጥር ወር የውሃ ወፎችን ቊጥር በብዙ አገር ሰዎች በአንድነት ይመዘግባሉ። መንጋን መቁጠር የሚያስፈራ ነገር አይደለም። መጀመሪያ አሥር ወፍ ለይተህ ቊጠር፤ እነዚህ አሥሩ በውሃው ላይ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዙ በዐይንህ ያዝ፤ ከዚያ መንጋው በሙሉ የዚያን ቦታ ስንት እጥፍ እንደ ሆነ ገምት። አሥር ጊዜ ቢደግሙት ግምቱ ይስተካከላል። ቀኑን፥ ሰዓቱን፥ የውሃውን ዳርቻ ምልክትና ቊጥሩን በደብተር መጻፍ ነው። የአንድ ትምህርት ቤት ክበብ ይህን አሥር ዓመት ቢያደርግ፥ ማንም መሥሪያ ቤት በገንዘብ የማያገኘውን ሰነድ ይይዛል። ሐይቁ እንደገና መሸሽ ቢጀምር ያ ደብተር ከሁሉ ቀድሞ ይናገራል።

ሦስተኛው ነገር በቢሮ ለተቀመጠው ወጣት ነው። ነገ የውሃ ፈቃድ የሚፈርም፥ የመስኖ ዕቅድ የሚያረቅቅ፥ የኮረብታ ችግኝ የሚያከፋፍል እርሱ ነው። ሐረማያ በገቢው ልክ እንዲያወጣ የሚወስን ሥርዓት ያስፈልገዋል፤ በሐይቁ ውስጥ የቆመ የውሃ መለኪያ እንጨት ከቀይ መስመር ሲወርድ ሁሉም ሞተር እንዲያርፍ፥ ውሃው ሲሞላም ሁሉም በድርሻው እንዲጠጣ። ለገበሬውም ሞተሩን ባሳረፈበት ወር የሚኖርበት ሌላ ነገር ሊታሰብለት ይገባል፤ አለዚያ ሕጉ በወረቀት ላይ ይቀራል፥ ውሃውም በጫት ቅጠል ላይ ይቀራል። ይህ የእኛ አሳብ ነው፤ ከዚህ የበለጠ አሳብ ያለው ሰው ይናገር፤ ዝም የሚል ሰው ግን ሐይቁ ሲደርቅ «ማን አደረቀው?» ብሎ ለመጠየቅ መብት አይኖረውም።

«ካይን የራቀ ከልብ ይርቃል» ይባላል። ሐረማያ አንድ ጊዜ የሞተው ክፉ ሰው ጠልቶት አይደለም፤ በየቀኑ ያዩት ሰዎች እንዳላዩት ስላለፉት ነው። የመልካ ጀብዱ ወጣት በፋብሪካው ሰዓት መካከል ቀና ብሎ ከላይ የሚያልፈውን መንጋ ቢያይ፥ ወደ የት እንደሚሄድም ቢያውቅ፥ ሐይቁ አንድ ዘበኛ አገኘ ማለት ነው። ዘበኛው ደመወዝ የለውም፤ ነገር ግን ከእርሱ የተሻለ ዘበኛ አይገኝም፤ የሚጠብቀውን በስሙ ያውቀዋልና።